ከሕክምናው በፊትና በኋላ፦ የጥንድ ንጽጽር የሚመልሰውና የማይመልሰው ጥያቄ

የሕክምና ጥናት ውጤት የሚያቀርቡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታወቀ ሠንጠረዥ ይዘው ይመጣሉ። በግራ «ከሕክምናው በፊት»፣ በቀኝ «ከሕክምናው በኋላ»፣ ዳር ላይ ደግሞ «ፒ ከ0.05 በታች» የምትል ማኅተም (ፒ ማለት ለውጥ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው)። ከማኅተሟ በኋላ ክርክር የለም፤ መድኃኒቱ ሠርቷል ተብሎ ይደመደማል። ይህን ስሌት ለመሥራት ዛሬ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ዓምድ ቁጥር ለኮምፒውተር መስጠት ይበቃል። የመመረቂያ ጥናቶች፣ የመድኃኒት ማስታወቂያዎች፣ የአመጋገብና የስፖርት መርሐ ግብር ሻጮች፣ እጅ ላይ የሚታሰሩ የጤና መለኪያዎች አምራቾች፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሟገታሉ።

ስሌቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የሚያስቸግረው ስሌቱ የመለሰው ጥያቄና አንባቢው የተረዳው መልስ አለመገናኘታቸው ነው። የጥንድ ንጽጽር፣ ማለትም የአንድን ሰው ሁለት ልኬቶች እርስ በርስ ማነጻጸር፣ «ለውጥ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ በጥቂት ታካሚዎች እንኳ ጥርት ያለ መልስ ይሰጣል። «ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብቻውን አንዲት ቃል አይናገርም።

የዘዴውን ጉልበት ማቃለል ግን ተገቢ አይደለም። ደብሊን ከተማ በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ሲሊ ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ የተነሣበት ጉዳይ ናሙናው ጥቂት በሆነ ጊዜ አማካይን ምን ያህል ማመን ይቻላል የሚል ነበር፤ ዛሬ የቲ ፈተና የምንለው ስሌት መሠረቱ ያ ነው። የቢራ ፋብሪካው ባለሙያ ለማሳያ ከወሰዳቸው ቁጥሮች መካከል የገብስ ሳይሆን የሕሙማን ቁጥሮች ይገኙበታል። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተሙት ጥናት አሥር ታካሚዎች ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በየተራ ወስደው ነበር። እያንዳንዱ ሰው ያለ መድኃኒት ከሚተኛው በላይ ስንት ሰዓት ጨምሮ እንደተኛ ተመዝግቧል።

በመጀመሪያው መድኃኒት አማካይ ጭማሪው 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት ነው። በመካከላቸው 1.58 ሰዓት አለ። ይህ ልዩነት የእውነት ነው ወይስ የአጋጣሚ? ቁጥሮቹ ሃያ የተለያዩ ሰዎች የሰጧቸው ይመስል በሁለት ቡድን ብናነጻጽራቸው ቲ (ልዩነቱ ከአጋጣሚ መዋዠቅ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር) 1.86፣ የፒ ዋጋው 0.08 ገደማ ይሆናል፤ በተለመደው መስፈርት «በቂ ማስረጃ የለም» ማለት ነው። ሰውን ከራሱ ጋር አጣምረን ብናሰላ ግን ቲ ወደ 4.06 ከፍ ይላል፣ የፒ ዋጋው ወደ 0.003 ይወርዳል። አንድም ቁጥር አልተቀየረም። የተቀየረው የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ማወቃችን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ከሒሳብ በፊት በማስተዋል ይገባል። ሰዎች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። በመጀመሪያው መድኃኒት አንዱ 3.7 ሰዓት ጨምሮ ሲተኛ ሌላው 1.6 ሰዓት ጎድሎበታል። ሁለት ቡድኖችን ስናወዳድር የመድኃኒቱ ልዩነት በዚህ የሰው ለሰው ልዩነት ውስጥ ይሰጥማል። ነገር ግን በአንደኛው መድኃኒት ብዙ የተኛ ሰው በሁለተኛውም ብዙ የመተኛት ዝንባሌ አለው፤ በእነዚህ መረጃዎች ውስጥ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ተዛምዶ (ፍጹም ሲሆን 1 የሚደርስ) 0.8 ያህል ነው። የአንዱን ሰው ቁጥር ከራሱ ቁጥር ስንቀንስ ያ የጋራ የሆነው ክፍል ይጣፋል። የየዓምዱ መደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 1.8 እና 2.0 ሲሆን የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት ግን 1.23 ብቻ ነው። ይህን ለአሥር ካሬ ሥር ስናካፍለው 0.39 እናገኛለን፤ 1.58 ለ0.39 ሲካፈል አራት እጥፍ ያህል ነው። የጥንድ ቲ ፈተና ሙሉ ምሥጢር ይኸው ነው፦ ሁለት ዓምዶችን ወደ አንድ የልዩነት ዓምድ መለወጥ፣ ከዚያ የዚያ ዓምድ አማካይ ከዜሮ ምን ያህል እንደራቀ መጠየቅ።

ይህ ለተመራማሪ ቀላል ጥቅም አይደለም። የላይኛውን የደም ግፊት በ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚቀንስ መድኃኒት አለ እንበል። በሰዎች መካከል ያለው መደበኛ ልይይት 15፣ የአንድ ሰው የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ልኬት ልዩነት መደበኛ ልይይት ደግሞ 12 ይሁን። ይህን ለውጥ በ80 በመቶ ዕድል ለማየት የጥንድ ንጽጽር ከ50 ያነሱ ሰዎች ይበቁታል። ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን አንዴ ብቻ ለክቶ ማነጻጸር በእያንዳንዱ ቡድን 140 ያህል ሰው ይጠይቃል። ጊዜና ገንዘብ ያጠረው ተመራማሪ ወደ ጥንድ ንጽጽር ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ስለ ፈተናው ቅድመ ሁኔታ ሲነሣ ብዙዎች የሚመረምሩት የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» የተባሉት ቁጥሮች ለየብቻቸው የደወል ቅርጽ ይዘው መሰራጨታቸውን ይፈትሻሉ። ፈተናው ግን እነዚያን ዓምዶች አይመለከታቸውም፤ የሚመለከተው ልዩነቶቹን ነው። በእንቅልፍ መረጃው ውስጥ ከአሥሩ ልዩነቶች ዘጠኙ ከ0 እስከ 2.4 ባለው ክልል ሲገኙ አንዱ ብቻውን 4.6 ነው። ይህ አፈንጋጭ ቁጥር ውጤቱን ያጋነነው ይመስላል። አውጥቶ ማስላት ግን ያስገርማል፦ አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.24 ሲወርድ ቲ ከ4.06 ወደ 5.66 ይወጣል። አፈንጋጩ አማካዩን ከፍ ካደረገው በላይ ስርጭቱን አስፍቶት ነበርና። (ቁጥር እየጣሉ ውጤት ማሳመር ይቻላል ማለቴ አይደለም፤ ዐይን የሚጠረጥረውና ስሌቱ የሚያሳየው ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም ለማለት ነው።)

ልዩነቶቹ በጣም የተዛቡ ሲሆኑ ፍራንክ ዊልኮክሰን የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው ዘዴ አለ። የልዩነቶቹን መጠን ትቶ ደረጃቸውንና አቅጣጫቸውን ብቻ ይቆጥራል። በእንቅልፍ መረጃው ላይ አንዱ ልዩነት ዜሮ ነው፤ የቀሩት ዘጠኙ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ስለሆኑ የፒ ዋጋው 0.004 ይሆናል፤ መደምደሚያው አይለወጥም። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ከሆነ ደግሞ ክዊን ማክኒማር እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው ፈተና ይሠራል። ከ100 ታካሚዎች 24ቱ ከሕመም ወደ ጤና ቢሻገሩ፣ 8ቱ በተቃራኒው ቢሄዱ፣ ፈተናው የሚመዝነው እነዚህን 32 ሰዎች ነው። ባሉበት የቀሩት 68ቱ ስለ ለውጥ አቅጣጫ የሚናገሩት የላቸውም። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይበቃል፦ ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ነጻ መሆን አለባቸው። የ30 ሰዎችን ሁለት ሁለት ጉልበት ለክቶ 60 ጥንድ አለኝ ማለት የሌለ ማስረጃ መፍጠር ነው።

የፒ ዋጋ ከተነሣ የማይለውን መናገርም ያስፈልጋል። በእርግጥ አማካይ ለውጥ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ስንት ነው? የፒ ዋጋ ይህችን ብቻ ይመልሳል። የለውጡን ትልቅነት አይለካም። 4,000 ታካሚዎች ያሉት ጥናት፣ የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት 12 ከሆነ፣ የአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ ለውጥ እንኳ ቲን ከ5 በላይ ያደርሰዋል። ሐኪምም ታካሚም ሊያስተውለው የማይችል ለውጥ «እጅግ ጉልህ» ተብሎ ይጻፋል። ለዚህ ነው የመተማመኛ ክልል (እውነተኛውን ለውጥ ሊያቅፍ የሚችለው የቁጥር ክልል) ከፒ ይልቅ ሐቀኛ የሚሆነው። የጎሴት ምሳሌ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ0.7 እስከ 2.5 ሰዓት ነው፤ አንባቢው ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም አይቶ ይህ ለታካሚ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ይችላል። አማካዩ ራሱም ቢሆን ይሸፍናል። ግማሾቹ በ10 ነጥብ ተሽሏቸው ግማሾቹ በ6 ነጥብ ቢብስባቸው አማካዩ የ2 ነጥብ መሻሻል ይላል፤ ይህ ማንም ታካሚ ያላየው መሻሻል ነው። የየግለሰቡን ሁለት ልኬት በመስመር አገናኝቶ የሚያሳይ ሥዕል ይህን ወዲያውኑ ያጋልጣል፣ ነገር ግን በጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው ከሚገባው በታች ነው።

እስካሁን ያነሣናቸው ችግሮች በጥንቃቄ የሚታረሙ ናቸው። የሚከተለው ግን በየትኛውም የስሌት ጥራት አይታረምም።

ታካሚ ወደ ሐኪም የሚሄደው መቼ ነው? ሲብስበት። ጥናት ውስጥ የሚገባውስ ማን ነው? ልኬቱ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ሰው። ሁለቱም ምርጫዎች ሰውን በመጥፎ ቀኑ ይይዙታል። ፍራንሲስ ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር፣ በጣም ረጃጅም ወላጆች ልጆቻቸው በአማካይ ከእነርሱ አጠር እንደሚሉ፣ የአጫጭሮቹ ደግሞ ረዘም እንደሚሉ አሳየ። ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ይህ ክስተት መንስኤ አይፈልግም፤ ሁለት ልኬቶች ፍጹም ካልተዛመዱና የመጀመሪያው ጽንፍ በመሆኑ ከተመረጠ፣ ሁለተኛው ወደ መሐል ይጠጋል። በቁጥር እንየው። የአንድ ሕዝብ አማካይ የላይኛው የደም ግፊት 130 ነው፣ በተለያየ ቀን በተወሰዱ ሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ተዛምዶ ደግሞ 0.7 ነው እንበል። ዛሬ 165 የተለኩትን ሰዎች ብቻ ሰብስበን ምንም ሳናደርግላቸው በሌላ ቀን ብንለካቸው፣ የምንጠብቀው አማካይ 154.5 ነው። ከአሥር ነጥብ በላይ ወረደ! ለእነዚህ ሰዎች በመካከሉ ንጹሕ ውሃ ብናጠጣቸው የጥንድ ቲ ፈተና ውሃውን በደስታ የደም ግፊት መድኃኒት አድርጎ ይሾመዋል። የፒ ዋጋውም እጅግ ትንሽ ይሆናል። ፈተናው አልተሳሳተም፤ ለውጥ አለ ወይ ተባለ፣ አዎ አለ።

ጉዳቱን የሚቀንስ ብልሃት አለ። ታካሚን ለጥናት ለመምረጥ የተወሰደውን ልኬት እንደ «በፊት» አለመቁጠርና መነሻውን በተደጋጋሚ ልኬት መወሰን ይረዳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከዚህ ሌላ ብዙ በሽታዎች በራሳቸው ጊዜ ይሽላሉ፤ የጀርባ ሕመምና የቆዳ ሽፍታ ይመጣሉ ይሄዳሉ። ታካሚው ሕክምና ላይ ነኝ ብሎ ማመኑ ራሱ ሕመሙን ሲጠየቅ በሚሰጠው ቁጥር ላይ ይንጸባረቃል። ክትትል የሚደረግለት ሰው የድሮ መድኃኒቱንም በሰዓቱ መውሰድ ይጀምራል። የሚለካው ባለሙያም ውጤቱን የሚመኝ ከሆነ እጁ ያዘነብላል።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ የማይወራለት የጠፉት ታካሚዎች ጉዳይ ነው። የጥንድ ስሌት ሁለቱም ልኬት ያለውን ሰው ብቻ ይቀበላል። 100 ሰዎች ጀምረው 60 ከተመለሱ፣ 40ዎቹ ያለ አንዳች ድምፅ ከሠንጠረዡ ይወጣሉ፤ ኮምፒውተሩም «60 ጥንድ» ብሎ ያልፋል። ያልተመለሱት እነማን ናቸው? መድኃኒቱ ያልተስማማቸው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ያስመረራቸው፣ ተሽሏቸው መመለሱ ያላስፈለጋቸው፣ ምናልባትም የሞቱ። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ በቁጥር ካየሉ ውጤቱ የጽኑዎች ዜና ብቻ ይሆናል። አንድ የ«በፊትና በኋላ» ጽሑፍ በእጄ ሲገባ ከፒ በፊት የምፈልገው ስንት ጀምረው ስንት እንደጨረሱ የሚናገረውን አንቀጽ ነው፤ ከሌለ የቀረውን የማነበው በጥርጣሬ ነው።

እንዲህ ከሆነ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን (ሕክምናው ያልተሰጣቸው ሰዎች) የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በስኳር በሽታ ወደ ሞት የተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው ዝግጅት ብዙ አልረዳውም። ከ12 ቀናት በኋላ የተሰጠው የተጣራው ዝግጅት የደም ስኳሩን በአንድ ዴሲሊትር ከ520 ወደ 120 ሚሊግራም አወረደው። በዚያ ዘመን ያ በሽታ በራሱ አይመለስም ነበር፤ መጨረሻው የታወቀ ነበር። ለውጡም በሰዓታት ውስጥ የመጣ፣ ከተለመደው መዋዠቅ እጅግ የላቀ ነበር። እዚህ ቦታ የማነጻጸሪያ ቡድኑ የበሽታው የታወቀ ታሪክ ነው። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያሳዩት ለውጥ መጠነኛ፣ የሚያጠኑትም በሽታ የሚዋዥቅ ነው፤ የኢንሱሊንን ምሳሌ ጠቅሶ ለእነርሱ ጥብቅና መቆም አይቻልም።

ስህተቱ ምን ያህል ሩቅ እንደሚወስድ የደም ግፊትን በካቴተር (ወደ ደም ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የማከም ሙከራ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ሐሳቡ ወደ ኩላሊት በሚሄዱት የደም ቧንቧዎች ዙሪያ ያሉ ነርቮችን በሙቀት ማዳከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሲምፕሊሲቲ ኤችቲኤን-1 የተባለ ጥናት መድኃኒት ያልበገረው የደም ግፊት ያለባቸው 45 ሰዎችን አክሞ ከራሳቸው ጋር አነጻጸራቸው። ለመግባት የላይኛው ግፊት 160 ወይም ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። በስድስት ወር 22 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወረደ። በ2010 የወጣው ሁለተኛው ጥናት የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው፣ ግን ማን እንደታከመ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በታከሙት ዘንድ 32 ነጥብ ወረደ፣ ባልታከሙት አንድ ነጥብ ጨመረ። ደስታው ትልቅ ነበር።

በ2014 ሦስተኛው ጥናት ወጣ። 535 ሰዎች በዕጣ ተደለደሉ፤ ለ171ዱ የተደረገላቸው የማስመሰያ ሥራ ብቻ ነበር፤ ለምርመራ ያህል የደም ቧንቧቸው በኤክስሬይ ታየ፣ ነርቮቹ ግን አልተነኩም፣ ታካሚዎቹም ይህን አላወቁም። ውጤቱ ይህ ነው፦ በእውነት በታከሙት ዘንድ የላይኛው ግፊት በአማካይ 14.13 ወረደ፣ በማስመሰያው ቡድን 11.74። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2.39 ብቻ፣ የመተማመኛ ክልሉም ዜሮን ያቀፈ።

አሁን ጥንድ ስሌቱን ብቻ ይዘን ብንቀር ምን እንል ነበር? በታተሙት መደበኛ ልይይቶች ሲሰላ የታከሙት ቲ 11 ገደማ ነው፤ ተጨባጭ ጥርጣሬ የማያስነሣ ቁጥር። ነገር ግን ምንም ያልተደረገላቸውም ቲ ወደ 6 ይጠጋል። ሁለቱም ማኅተሙን በቀላሉ ያገኛሉ።

ከዚህ ጋር የሚጎራበት ሌላ ስህተት አለ፣ በመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ ዕለት በዕለት የሚታይ። ተመራማሪው ሁለት ቡድን አለው። በእያንዳንዱ ውስጥ የጥንድ ቲ ፈተና ይሠራል። በታከሙት 0.03፣ በማነጻጸሪያው 0.12 ያገኛል፤ «አንዱ ጉልህ ነው፣ ሌላው አይደለም፣ ስለዚህ ሕክምናው ይሠራል» ይላል። ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አሠራር በስም ጠቅሰው እጅግ አሳሳች ብለውታል። ምክንያቱን ለማየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ እኩል የሆነ መጠነኛ ለውጥ አለ፣ እያንዳንዱ ፈተናም ያንን ለውጥ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ ነው እንበል። አንዱ ይዞት ሌላው የማይዝበት ዕድል 50 በመቶ ነው። በሕክምናዎቹ መካከል ምንም ልዩነት በሌለበት ከሁለት ጥናት አንዱ ልዩነት አለ ብሎ ይወጣል ማለት ነው፤ ሦስት ቡድን ከሆነማ ዕድሉ 75 በመቶ ይደርሳል። ተመራማሪው በ5 በመቶ ስህተት ብቻ እየሠራሁ ነው ብሎ ሲያምን ሳንቲም እየወረወረ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የለውጦቹን ልዩነት በቀጥታ መፈተሽ ነው። ከዚህም የተሻለው «በኋላ» የተለካውን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ማነጻጸርና የእያንዳንዱን ሰው የ«በፊት» ልኬት በሪግሬሽን (አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሚያሳይ) ስሌት ውስጥ አስገብቶ ማስተካከል ነው፤ አንኮቫ በመባል ይታወቃል። ይህ ዘዴ ሰውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር የሚሰጠውን ጥቅም አይጥልም። በመነሻው ላይ ያለውን የሰው ለሰው ልዩነት ይቀንሳል፣ በዕጣ ሲደለደል በአጋጣሚ አንዱ ቡድን ከፍ ብሎ ጀምሮ ከሆነም ያርማል። ድልድሉ በዕጣ ከሆነና ማን እንደታከመ ካልታወቀ፣ ወደ አማካይ መመለስ፣ በራስ መዳን፣ ተስፋና ክትትል ሁለቱንም ቡድን እኩል ስለሚነኩ በመቀነሱ ውስጥ ይወጣሉ።

የካቴተሩ ታሪክ በ2014 አላበቃም። ተመራማሪዎች መሣሪያውንና የታካሚ አመራረጡን አሻሽለው፣ የማስመሰያ ቡድንን የማይቀር ግዴታ አድርገው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ራዲያንስ 2 የተባለ ጥናት 224 ሰዎችን አሳትፎ የቀን የደም ግፊታቸውን ከሰውነት ጋር በሚታሰር መለኪያ ተከታተለ። በአልትራሳውንድ በታከሙት 7.9፣ በማስመሰያው ቡድን 1.8 ወረደ፤ በመነሻው ልኬት ከተስተካከለ በኋላ በመካከላቸው የቀረው ልዩነት 6.3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚህ ዘርፍ ሁለት መሣሪያዎች እንዲሸጡ ፈቀደ። 6.3 ከ32 ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ በደም ቧንቧ ውስጥ ካቴተር ማስገባትን ያዋጣል ወይ የሚለውም ለእያንዳንዱ ታካሚ ተለይቶ የሚመለስ ነው፤ ሐኪሙ ለታካሚው የሚነግረው ቁጥር ግን ይኸው 6.3 መሆን አለበት እንጂ 7.9 አይደለም።